የእንጦጦ ስፒከር፣ የፓሪስ ሸክላ፦ የድሮ ጃዛችንን ማን እያቆየልን ነው?

ባለፈው የማርያም ቀን፣ በ21፣ እንጦጦ ማርያም ነበርን። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወጣን፤ ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው እየተበተነ ነው። ነጠላ የለበሱ እናቶች ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ጠበል የያዙ ወጣቶች ደግሞ ጀሪካናቸውን እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ከግቢው ራቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አራት ልጆች ተቀምጠው ከአንዲት ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ሙዚቃ ያዳምጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ ድምጹን ዝቅ አድርገውታል። ጠጋ ስንል አወቅነው፤ የሙላቱ አስታጥቄ "የከርሞ ሰው" ነበር።

አንዱን "ከየት ነው የምታዳምጠው?" ብለን ጠየቅነው። ስልኩን አዞረልን። የአልበሙ ሽፋን አለ፣ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የአሳታሚው ስም አለ፦ ቡዳ ሙዚክ፣ ፓሪስ።

(አዎ፣ ስሙ እንደዚያ ነው። "ሙዚቃችንን ቡዳ በላው" የሚለው ቀልድ በእናንተ አልተጀመረም፤ ሰውየው ግን ሙዚቃውን በላው ወይስ ከመበላት አዳነው የሚለው የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ነው።)

እስቲ አስቡት። አዲስ አበባ ውስጥ የተቀናበረ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳ፣ በአዲስ አበባ ሙዚቀኞች የተነፋ ሙዚቃ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ስታዩ የተጫወቱባቸው ሆቴሎች ይታያሉ። እና ልጁ ስልክ ላይ ለመድረስ በፓሪስ በኩል ዞሮ መጥቷል። ሰሞኑን በድሮ ሸክላ ዙሪያ ብዙ ሲወራ ስለሰነበተ ነገሩን ከሥሩ እንየው ብለናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የራሳችንን ስንጠቀም ዓ.ም ብለን እንለያለን።

መጀመሪያ ግን እዚሁ እንጦጦ ላይ አንድ ነገር እናንሳ። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በ1889 በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ለምኒልክ የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላከላቸው። ጥሩምባና ትሮምቦን በመንግሥት ደረጃ ወደ ከተማችን የገቡት በዚያ መንገድ ነው። ቀጥሎ በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የንጉሡ ማርሽ ባንድ አደረጓቸው፤ "አርባ ልጆች" የምንላቸው እነሱን ነው። ከዚያ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች መጡ። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ሁሉ ደመወዙን የሚቀበለው ከመንግሥት ነበር ማለት ይቻላል።

ይሄን የምንነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት ባንዶቹን ብቻ ሳይሆን ሸክላውንም ይዞት ነበር። ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ ዘመናዊውን ሙዚቃ ለማሳተም እምብዛም አልተቻኮለም። ስለዚህ በ1960ዎቹ ክለቦቹ እየጋሉ፣ ወጣቱ እየጨፈረ፣ የሚሸጥ ሸክላ ግን አልነበረም።

የ24 ዓመቱ ልጅ

አምሃ እሸቴ የሙዚቃ መደብር የነበራቸው ወጣት ነበሩ። በ1969፣ በ24 ዓመታቸው፣ ሕጉን እያወቁት አምሃ ሪከርድስን ከፈቱ። የመጀመሪያው ሥራ የዓለማየሁ እሸቴ ሆነ (ወንድማማቾች አይደሉም፤ የአባት ስም መገጣጠም ነው)። አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀዳው ክር ሕንድ ሄደ፤ በኋላ ላይ ደግሞ ቤይሩት። ታትሞ ተመለሰ፣ ተሸጠ። ያሰራቸው አልነበረም።

እስከ 1975 ድረስ አምሃ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚሆኑ ሙሉ አልበሞችን አሳተሙ። ስድስት ዓመት ብቻ። ዛሬ ቲክቶክ ላይ "ወርቃማው ዘመን" እያልን ከምናዞራቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ከዚያች ትንሽ ድርጅት የወጡ ናቸው። አጠገባቸው የአሊ አብደላ ካይፋ፣ ሁላችንም አሊ ታንጎ የምንላቸው ሰው፣ ካይፋ ሪከርድስ ነበር። የማህሙድ አህመድን "ኧረ መላ መላ" በ1975 ያወጡት እሳቸው ናቸው። ፊሊፕስም በዚያው ዘመን እዚህ ያሳትም ነበር፤ የጌታቸው መኩሪያን የሳክስፎን አልበም በ1972 ያወጣው እሱ ነው። ፊሊፕስ ግን የዓለም ኩባንያ ነው፤ አምሃና አሊ በራሳቸው ኪስ የሚሠሩ የሰፈር ነጋዴዎች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ ፓሪስም፣ ለንደንም፣ እኛም የምናወራበት ነገር በጣም ያንሳል።

የሙላቱ አስታጥቄ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። ጂማ ተወልደው፣ እንግሊዝ አገር ሙዚቃ ተምረው፣ ቦስተን በርክሊ ኮሌጅ የገቡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አልበሞች በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ያወጣላቸው ዎርዚ የሚባል ትንሽ አሳታሚ ነበር። ማለትም ኢትዮ ጃዝ ገና ሲወለድ አዋላጇ ትልቅ ኩባንያ አልነበረም። አገር ቤት ሲመለሱ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን ከጃዝ ሐርሞኒ ጋር የማስማማቱን ሥራ ቀጠሉ። አምስት ድምጽ ባለው ቅኝት ላይ አሥራ ሁለት ድምጽ ያለውን የምዕራብ ሙዚቃ ስታክሉበት የቅኝቱ ጠባይ ሊጠፋ ይችላል። ሙላቱ ዜማውን በቅኝቱ ትተው ሐርሞኒውን ከሥር አስገቡት። እንጦጦ ላይ ያለው ልጅ ሲሰማው "የኛ ነው" የሚለው ለዚህ ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጡ የተቀበሏቸውና አብረዋቸው የሠሩት ሙላቱ ናቸው።

ከዚያ የካቲት 1966 ዓ.ም መጣ። አምሃ ሪከርድስ በዚያው ዓመት ያወጣው የሙላቱ አልበም ርዕስ "የካቲት" ነው፤ ዘመኑን በስሙ ተሸክሞታል። ብዙም ሳይቆይ ሰዓት እላፊ ታወጀ። በ1975 አምሃ አገር ጥለው አሜሪካ ገቡ። ሸክላው ቆመ፣ ካሴት ተተካ።

ክለቦቹ ግን ጨርሰው አልሞቱም። በሰዓት እላፊው ዘመን የገባ ሰው ሌሊቱን እዚያው ያድራል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። የሂልተኑ ዋልያስ ባንድ የተሞረደው በእነዚያ ሌሊቶች ነው። አንዳንድ ጊዜ ጭቆና እንዲህ ዓይነት ያልታሰበ ነገር ያወጣል፤ ግን እንዳንዋሽ፣ በዚያው ዘመን ስንት ሙዚቀኛ ተሰደደ።

እና እንዴት ፓሪስ ደረሰ?

በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰማ። በዓመቱ ሙዚቀኛውን ፍለጋ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የሚባል የብራስልስ ትንሽ አሳታሚ "ኧረ መላ መላ"ን ለአውሮፓ አወጣ። ከዚያ ፋልሴቶ ዓመታት ወስዶ የድሮ አሳታሚዎችን አፈላለገ፣ ከአምሃ ጋር ተዋዋለ፣ በ1997 "ኢትዮፒክስ" የተባለውን ተከታታይ በቡዳ ሙዚክ ጀመረ። አራተኛው ቅጽ፣ በ1998 የወጣው፣ ሙሉ በሙሉ የሙላቱ ነው። ሰላሳኛው በ2017 ወጣ።

በ2005 አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ "ብሮክን ፍላወርስ" በሚለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ ከዳር እስከ ዳር አስገባው፤ ፊልሙ ላይ የጀግናው ጎረቤት ኢትዮጵያዊ ነው፣ ሲዲውን እሱ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የለንደኑ ስትራት ሪከርድስ ከሙላቱ ጋር መሥራት ጀመረ፤ ናስና ዴሚያን ማርሊ "የገሌ ትዝታ"ን ቆርጠው በ2010 ዘፈናቸው ውስጥ አስገቡት። ራፕ የምታዳምጡ ልጆች ሙላቱን መጀመሪያ የሰማችሁት በዚያ በኩል ሊሆን ይችላል፤ ነውር የለውም።

አሁን ጥያቄው ይምጣ። ይሄ ማዳን ነው ወይስ መውሰድ?

የእኛ መልስ እንደ አሠራሩ ይለያያል የሚል ነው። ፌስቡክ ላይ "ፈረንጅ ዘረፈን" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ላይክም ያመጣል። ግን አምሃ እሸቴ በሕይወት እያሉ ራሳቸው ፈርመው የሰጡትን ፈቃድ ዝርፊያ ማለት ለእሳቸውም ክብር አይሆንም። በሌላ በኩል ፈቃዱ የሚሰጠው የአሳታሚነት መብቱን ለያዘው ሰው ነው። ሳክስፎን የነፋውስ? ከበሮ የመታውስ? ሙዚቃውን ያቀናበረውስ?

ግርማ በየነን ውሰዱ። የራሳቸውን ድምጽ በሸክላ ያስቀሩት በአራት ዘፈን ብቻ ነው፤ ለሌሎች ዘፋኞች ያቀናበሩት ግን ከ60 ይበልጣል። በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፣ ከሙዚቃም ለረጅም ዓመታት ራቁ። ሥራቸው በሌሎች ስም ዓለምን ሲዞር እሳቸው መድረክ ላይ አልነበሩም። በመጨረሻ 30ኛውን "ኢትዮፒክስ" በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር በራሳቸው ስም ሠሩት። ደስ ይላል። ግን በጣም ዘግይቷል። አንድ አቀናባሪ ስሙ ሽፋን ላይ እስኪወጣ ግማሽ ዕድሜ መጠበቅ አልነበረበትም።

የባሕር ዳሯ ካሴት

እኛ የምንወደው አሠራር ሌላ ነው፤ ታሪኩም ፊልም ነው የሚመስለው።

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። በ1977 "ቼ በለው"ን ከባንዱ ጋር ሠሩ፤ "ሙዚቃዊ ስልት" እዚያ ላይ ነው ያለችው። ከጉዞው በኋላ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዘው "ሸሞንሟናዬ"ን ቀዱ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ጊዜው አለፈ፣ ተረሳ። ኃይሉ ዱለስ አየር ማረፊያ ላይ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዳቸውን ከታክሲው ኮፈን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ይሄን ስንጽፍ አንዳንዶቻችሁ ዲሲ ያለ አጎታችሁ ትዝ እንደሚላችሁ እናውቃለን።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ውስጥ ያችን ካሴት አገኘ። "ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ" የሚባል በአንድ ሰው ዙሪያ የሚንቀሳቀስ አሳታሚ አለው። ሰውየውን አፈላልጎ ደወለላቸው። በ2013 "ሸሞንሟናዬ" በሸክላና በሲዲ እንደገና ወጣች፣ ቀጥሎ "ቼ በለው" በ2014፣ "ወደ ሐረር ጉዞ" በ2016። ኃይሉ እንደገና መድረክ ላይ ወጡ፣ በ2018 "ላላ በሉ" የሚል አዲስ አልበም ሠሩ። የዚህ አሳታሚ ውል በይፋ የሚታወቅ ነው፤ ትርፉ ከሙዚቀኛው ጋር እኩል፣ ሃምሳ ሃምሳ።

ልዩነቱን አያችሁት? አንደኛው ዓይነት አሳታሚ ያለፈውን ያወጣል። ሁለተኛው ያለፈውን አውጥቶ ሰውየውን ወደ ሥራው ይመልሳል። ሙዚየምና ጋራዥ ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ መኪናው የሚነሳው ግን ጋራዥ ውስጥ ነው።

የጌታቸው መኩሪያም ነገር ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። ሽለላን በሳክስፎን የነፉ ሰው ናቸው፤ የጦር ሜዳውን ፉከራ ወደ ናስ አፍ አመጡት። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ ሰምቷቸው አብረን እንጫወት አላቸው። በ2006 "ሞዓ አንበሳ"ን አብረው ሠሩ፤ ያሳተመው ቴርፕ የተባለ የባንዱ ጊታሪስት የራሱ ትንሽ ድርጅት ነው። ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው ከፓንክ ልጆች ጋር አውሮፓን ዞሩ። በ2016 እስኪያርፉ ድረስ የመድረክ ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ስም ሳናነሳ ማለፍ አንችልም፤ ጃዝ ባይባልም። እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ፣ በጣልያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ጣልያን ደሴት ላይ ታሰሩ፣ ካይሮ ሙዚቃ አጠኑ፣ ከዚያ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው መነኮሱ። የሸክላ መደብሮች ፒያኗቸውን ከጃዝ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል፤ እንጦጦ ማርያም ላይ ማኅሌት ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ግን ዜማው ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ሚሲሲፒ ሪከርድስ የሚባል ትንሽ የአሜሪካ አሳታሚ፣ በስማቸው ከተቋቋመው የሙዚቃ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ፣ ሥራዎቻቸውን እያወጣ ነው። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አርፈዋል። በዓመቱ፣ በ2024፣ "ሱቨኒርስ" የሚል አልበም ወጣ፦ በደርግ ዘመን ቤታቸው ተቀምጠው በካሴት የቀዷቸው፣ ራሳቸው የዘፈኗቸው ዘፈኖች። አርባ ዓመት ካሴት ላይ የተቀመጠ ድምጽ! ማንም ሳያስተውል ቢጥለው ኖሮስ?

ሃምሳ ዓመት ሞላ

አሁን ማንም ብዙ ወደማያወራበት ጉዳይ እንግባ፤ ደረቅ ቢሆንም ታገሱን፣ ዋናው እሱ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንደኛው ድርሰቱ ነው፦ ግጥሙ፣ ዜማው። ይሄ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሁለተኛው የተቀዳው ድምጽ ነው፤ የአሳታሚው መብት። ይሄኛው የሚጠበቀው ከታተመበት ዓመት ቀጥሎ ላሉ 50 ዓመታት ነው።

ስሌቱን ሥሩት። አምሃ ሪከርድስ የሠራው ከ1969 እስከ 1975 ነው። የ1969ኙ ሸክላ ሃምሳ ዓመቱን የጨረሰው በ2019 ነው፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ በ2025። በቀላል አማርኛ፣ በአገራችን ሕግ "ወርቃማው ዘመን" የምንለው የሸክላ ድምጽ የአሳታሚነት መብት እያበቃለት ነው ወይም አብቅቷል። የእያንዳንዱ ሸክላ ዝርዝር ለጠበቃ ነው የሚተወው፤ አቅጣጫው ግን ይሄ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በበኩላቸው ይሄንኑ መብት ወደ 70 ዓመት አሳድገውታል።

ይሄ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሁለቱንም ነው። ጥሩው፦ እዚህ አዲስ አበባ ያለ አንድ ወጣት የድምጽ ባለሙያ የዜማና የግጥም ባለቤቶችን አስፈቅዶ፣ የድሮ ሸክላ አጽድቶ እንደገና ማሳተም የሚችልበት በር እየተከፈተ ነው። ለዚህ ፓሪስ መደወል አያስፈልገውም። መጥፎው፦ ያው በር ለሌባም ይከፈታል። ማንም ዘፈኑን ከዩቲዩብ አውርዶ፣ ሽፋን ለጥፎ፣ በራሱ ስም ስትሪሚንግ ላይ ሊጭነው ይችላል፤ እየተደረገም ነው። ስም የለ፣ ዓመት የለ፣ የሙዚቀኛ ዝርዝር የለ። ድምጹ እንኳ ተበላሽቶ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መብቱ ቢያልቅም ድምጹ በእጁ ያለው ሰው ነው የሚያዘው። ዋናው የተቀዳበት ክር ከሌለ የሚቀረው ንጹሕ ሸክላ ፈልጎ፣ በጥሩ መርፌ አጫውቶ፣ ድምጹን ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ፣ ፍንጥቅጥቁን አንድ በአንድ ማጽዳት ነው። ውጭ ያሉት አሳታሚዎች ይሄን ሥራ ሠርተው ጨርሰዋል፤ የጸዳው ፋይል እነሱ ጋ ነው። እኛ ጋ ያለው ሕጋዊ ዕድል ነው። ዕድሉን ወደ ድምጽ የሚቀይረው ሸክላው ራሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ዓመት በዓመት እየተሸጠ በሻንጣ እየወጣ ነው። ሰብሳቢዎች ይገዛሉ፣ ደላላ ያገናኛል፣ ቤተሰብ "ይሄ አሮጌ ነገር" ብሎ ይሰጣል።

ታዲያ መንግሥት የት ነው ያለው? አዋጁ በ872/2007 ተሻሽሎ የመብት ባለቤቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲኖራቸው በር ከፍቷል፣ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም አለ። ከእንጦጦ ቁልቁል ስድስት ኪሎ ላይ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድሮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጧል፤ ሙዚየሙ ክራርና በገና፣ ማሲንቆና መለከት በክብር አኑሯል። የሸክላ ነጠላዎች ግን በዚያ ዓይነት ክብር የሚጠሩበት ቦታ የላቸውም። መሰንቆ ቅርስ ከሆነ፣ የጌታቸው ሳክስፎን ሸክላስ?

ስለ ቦታ ካነሳን፣ መድረኮቹም እያነሱ ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 2015 ሲቃጠል ውስጡ የነበረው ጃዛምባ አብሮ ተቃጠለ፤ የድሮ ሙዚቀኞችና ወጣቶች አንድ ላይ የሚጫወቱበት ቤት ነበር። ካዛንቺስ የነበረው የመላኩ በላይ ፈንድቃ የባህል ማዕከል ደግሞ በ2024 በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፈርሷል፤ ከውጭ የሚመጣ የሙዚቃ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አድራሻ ነበር። ከተማ አይታደስ የምንል አይደለንም። ግን አንድ የጃዝ ቤት ሲፈርስ የሚጠፋው ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ ከአዛውንቱ ጎን ቆሞ "ይሄን እንዴት ነው የምትነፋው ጋሼ?" የሚልበት ሌሊትም ነው። ያንን በሸክላ ማሳተም አይቻልም።

ሰዎቹም እየሄዱ ነው። አምሃ እሸቴ በሚያዝያ 2021 አረፉ፣ የመጀመሪያዋን ሸክላ የዘፈኑላቸው ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው ዓመት መስከረም ተከተሏቸው። ማህሙድ አህመድ በጥር 2025 በሚሊኒየም አዳራሽ መድረኩን ተሰናበቱ። የትኛው ዘፈን ላይ ማን ጥሩምባ ነፋ፣ ማን ቤዝ መታ የሚለውን የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ብዙው ሸክላ ላይ አልተጻፈም።

የእኛ አቋም ግልጽ ይሁን። ቡዳ ሙዚክም፣ ስትራትም፣ ኦውሰም ቴፕስም ባይኖሩ ዛሬ የምንከራከርበት ሙዚቃ ግማሹ አይኖርም ነበር፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የሚመርጡት ለራሳቸው አድማጭ ነው። አውሮፓዊ ጆሮ የሚወደው፣ ግሩቩ ጠንከር ያለው፣ ሳክስፎኑ የሚያለቅሰው ይወጣል። በካሴት ዘመን የተሠራው፣ የክፍለ ሀገር ኪነት ቡድኖች የተጫወቱት፣ "ሲንተሳይዘሩ አስቀያሚ ነው" የተባለው እስከ ቅርብ ጊዜ ወደ ጎን ተትቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አሳታሚ ቢሆን ምርጫው ሌላ ይሆን ነበር። ደግሞም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አምሃ እሸቴ ፋብሪካ አልነበራቸውም፣ ፈቃድም አልነበራቸውም። ዛሬ ቢያንስ ፈቃዱ ይገኛል።

ወደ እንጦጦ ልጆች እንመለስ። ልንለያቸው ስንል አንዷ ልጅ "አያቴ ቤት ሸክላ አለ እኮ፣ ማጫወቻ ስለሌለ አልጋ ሥር ነው" አለችን። ስንት እንደሆኑ አላወቀችም። እኛም ይሄን ነው የነገርናት፤ ለእናንተም እዚህ እንጽፈው።

ሸክላውን ከአልጋ ሥር አውጪው፣ እርጥበትና ሙቀት ጠላቱ ነው። አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሪ፤ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ ደርድሪው። በአልኮል ወይም በኦሞ አትጠቢው። ርካሽ የሻንጣ ማጫወቻ ላይ አታስቀምጪው፣ መርፌው ይቆርጠዋል። ካሴት ከሆነ ደግሞ ዝም ብለሽ ቴፕ ውስጥ አትክተቺው፤ ክሩ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ በእጅ ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ከዚያ መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት በሁለቱም ጎን ፎቶ አንሺ፤ የአሳታሚው ስምና ቁጥሩ በደንብ ይታይ። አያትሽን ማን እንደገዛው፣ የት እንደገዛው፣ የትኛው ቤት ይጫወት እንደነበር ጠይቂና ድምጻቸውን በስልክ ቅጂ። አንድ ሰው መጥቶ "ልግዛው" ቢል ፎቶው ሳይነሳ እንዳትሰጪ።

ፎቶ ያላችሁ በኢንቦክስ ላኩልን። የአያቶቻችሁን ስም አናወጣም፣ የሸክላውን ቁጥር ግን እንመዘግባለን።